ስለ ጉልበት መርፌው፦ ቀኑን ሳያስጽፉ አይወጉ

«የጉልበት መገጣጠሚያህ ተበልቷል ተብዬ የኮርቲዞን መርፌ ታዝዞልኛል፤ ልወጋ ወይስ ልተወው?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን የምመልሰው በራሴ ቀኝ ጉልበት ላይ ካየሁት ተነሥቼ ነው። በ2 ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ ተወግቻለሁና የእርስዎም ነገር ከእኔ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

1. መርፌው ይሠራል፤ አይሠራም የሚሉዎትን አይስሙ። የመጀመሪያውን በተወጋሁ በ3ኛው ቀን ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ወጥቻለሁ። ሆኖም የሚያበርደው እብጠቱንና ሕመሙን እንጂ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለውን ለስላሳ ሽፋን፣ ካርቲሌጁን፣ አይመልስም፤ እፎይታውም ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ለ2 ዓመት በየ12 ሳምንቱ ትራያምሲኖሎን የተባለውን የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት የተወጉ ሕሙማን የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት ይልቅ ካርቲሌጃቸው ሳስቶ ሲገኝ፣ በሕመም ረገድ ግን ከእነዚያ የተሻሉ አልነበሩም። እኔ ይህን ያነበብኩት ከ4ኛው መርፌ በኋላ ነው።

2. ስኳር ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም፤ በማግስቱ ስኳሬ 310 ገብቶ ለመውረድ አንድ ሳምንት ፈጀበት።

3. የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን በጽሑፍ ይቀበሉ። ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ይህን አለማድረጌ ነው። ጉልበቴ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እንዲተካ ቀጠሮ ተይዞ፣ ልጄም እኔን ለማስታመም ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ሳለ፣ ቀዶ ሐኪሙ «መጨረሻ የተወጉት መቼ ነው?» አለኝ። አላስታወስኩም። ወደተወጋሁበት ክሊኒክ ብሄድ የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ለታካሚ አንሰጥም» አለ፤ የራሴን ጉልበት ታሪክ ለእኔ! በ3ኛው ምልልሴ ኃላፊውን አስጠርቼ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከመጨረሻው መርፌ 7 ሳምንት ብቻ ነበር ያለፈው። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበሩት 3 ወራት ውስጥ መወጋት የተተካው መገጣጠሚያ እንዲመረቅዝ የሚያደርግ አደጋ ስለሚጨምር ቀጠሮው ተራዘመ፤ የልጄም ፈቃድ በከንቱ አለቀ። ሐኪሙ ልክ ነበር፤ የምወቅሰው 5ኛውን መርፌ ሲወጋኝ ስለ ቀዶ ጥገና አንድ ጥያቄ ያላነሣውን ባለሙያ ነው፤ ዝም ያልኩትን ራሴንም ጭምር። ዛሬ ሁሉን የምጽፍበት ትንሽ ደብተር አለኝ፤ ቀዶ ሐኪሙ አይቶ ሌሎች ታካሚዎቹም እንዲህ ቢያደርጉ እንደሚወድ ነግሮኛል።

ስለ ጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት በ4ኛ ልጽፍ ነበር፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከእኔ በተሻለ ያሳይዎታል። ከመርፌው በኋላ ለ1 ወይም ለ2 ቀን ሕመሙ ቢብስ አይደንግጡ፤ ጉልበቱ ቀልቶ ቢያተኩስና ትኩሳት ቢይዝዎ ግን በዚያው ዕለት ይታዩ። የቀዶ ጥገና ሐሳብ ከሌለዎት አንዱን ተወግተው እፎይታው በሚቆይበት ጊዜ ስፖርቱን ይጀምሩ፤ ካለዎት ግን ከመወጋትዎ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ያማክሩ።