እትዬን ጠይቁ፦ በችርቻሮ መኖር ውድ ነው

ባለፈው እትም ላይ "ብራችሁ የት የት ነው ሚሄደው" ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር፣ የመጣው መልዕክት ጉድ ነው። ሁሉንም ማውጣት አልችልም፣ ቦታ የለኝም፣ ግን አብዛኛው ሲጨመቅ አንድ ነው፣ ብር ይገባል ሱቅ ይበላዋል። አምስቱን መርጬ መልሻለሁ፣ የቀራችሁት አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ። ፒያሳ ጀርባ ቀበሌ ቤት ነው የምንኖረው፣ ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ 3 ልጆች አሉን። ብሩ የሚመጣው በየቀኑ ነው እንጂ እንደ ደሞዝተኛ በወር አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉንም ነገር ከሱቅ በየቀኑ እገዛለሁ፣ ዘይት የ50 ብር፣ ስኳር ሩብ ኪሎ፣ በርበሬ በማንኪያ፣ ከሰል በፌስታል፣ ሽንኩርት በመደብ። ሰው ሁሉ በብዛት ግዢ ይለኛል፣ በምን ብሬ? (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ በብዛት ግዢ ብሎ መምከር ቀላል ነው፣ መካሪው ባንክ ቤት ብር ያለው ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ያቺ የ50 ብር ዘይት ስንት እንደሆነች ለክተሻት ታውቂያለሽ? እኛ ግቢ አንድ ሰሞን ጎረቤቴ ጋር ተወራርደን ለካናት። ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስቀምጠን በየቀኑ የገዛናትን እዛ ውስጥ ገልብጠን፣ የደረሰችበትን ምልክት አድርገን መልሰን ተጠቀምናት፣ የየቀኑ ልክ ሲደመር በ4 ቀን ከግማሽ ገደማ ግማሽ ሊትር ሞላች። 225 ብር ለግማሽ ሊትር፣ ሊትሩ 450 ብር መጣ ማለት ነው። ያኔ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ለአምስት ብናካፍለው ሊትሩ ከዚህ በብዙ ያንስ ነበር። ጎረቤቴ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ስንት አመት እንደዛ ስትገዛ እንደኖረች ነው የምታሰላው። አንቺም ለኪ፣ የኔን ቁጥር አትመኚ፣ ዋጋው ነገ ሌላ ነው።

ታዲያ መውጫው ምንድነው ካልሽኝ ለብቻሽ መውጫ የለውም፣ ግቢሽ ውስጥ ያሉ ሴቶችን ሰብስቢ። አራት ቤት ከሆናችሁ በቂ ነው። በሳምንት ትንሽ ትንሽ እያዋጣችሁ አንድ ሳምንት ዘይት፣ አንድ ሳምንት ስኳር፣ አንድ ሳምንት ሽንኩርት በኬሻ፣ እያላችሁ በተራ መግዛት፣ እንደ እቁብ በይው ግን ብሩን አንዷ ጠቅልላ አትወስደውም፣ እቃው ነው የሚከፋፈለው። ጤፍም እንደዛው፣ ኩንታሉ ለአራት ቤት 25፣ 25 ኪሎ ይደርሳል። ጤፉን ግን እህሉን ገዝታችሁ አበጥራችሁ ራሳችሁ ወፍጮ ቤት አስፈጩት፣ ተፈጭቶ የሚሸጠው ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በአይን አይታይም። ከቻላችሁ ደሞ ግዢውን ወደ መኸር በኋላ አድርጉት፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ አዲሱ ጤፍ ሲገባ ማለት ነው። ክረምት ላይ ጤፍም ሽንኩርትም ፊቱ ጥቁር ነው።

አንድ ነገር ላስጠነቅቅሽ። እኛ በዚህ ነገር ተጣልተን እናውቃለን፣ በሽንኩርት። ኬሻው አናት ላይ ያለው ሽንኩርት ደረቅ፣ ትልቅ፣ የሚያምር ነው፣ ታች ስትደርሺ እርጥቡና የበሰበሰው፣ ኮረት ኮረት የሚያክለው ይወጣል። አካፋይዋ ከላይ ጀምራ ለራሷ መዘነች፣ መጨረሻ የደረሳት ሴትዮ ግማሹን ጣለችው፣ ለሁለት ወር ሰላምታ የለም። አሁን የምናደርገው እንደ ቅርጫ ነው፣ ሙሉ ኬሻው መሬት ላይ ይዘረገፋል፣ የተበላሸው ለብቻ ይወጣል፣ ቀሪው አራት መደብ ይሆንና ዕጣ ይጣላል፣ የመደበችው ሰው ዕጣ የምታነሳው መጨረሻ ነው። ከዛ ወዲህ ኩርፊያ የለም። ቤት ስታስገቢው ፌስታል ውስጥ እንዳትተዪው፣ ያልበዋል፣ ኬሻ ላይ ዘርግተሽ አየር ያግኘው፣ ከድንች ጋር ደሞ አንድ ላይ አታስቀምጪ፣ ቶሎ ይበቅላል።

የት ይገዛ ላልሽኝ፣ አትክልት ተራ እዚሁ ፒያሳ አፍንጫችን ስር እያለ ነገሩ ቀላል ነበር፣ በ2012 ኮሮና ሲመጣ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዛ ደሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። ለ3 ኪሎ ሽንኩርት ብለሽ እዛ ድረስ እንዳትሄጂ፣ የትራንስፖርቱ ብር የሽንኩርቱን ትርፍ ይበላዋል፣ ኬሻ ሙሉ ለአራት ቤት ከሆነ ግን ያዋጣል። ለትንሽ ነገር እሁድ ገበያ ይሻላል፣ ጠዋት ከሄድሽ ትመርጫለሽ፣ ማምሻ ላይ ከሄድሽ ሻጩ ይዞት መመለስ ስለማይፈልግ ይቀንስልሻል፣ ቶሎ ተበልተው ለሚያልቁ እንደ ቲማቲም ምናምን እኔ ማምሻውን ነው የምወደው። የሸማቾች ሱቅም ዘይትና ስኳር ሲገባ ወረፋውን ቻይው።

ባለሱቁን ግን እንዳትጣዪው። ዱቤ የሚሰጥሽ እሱ ነው፣ ባለቤትሽ ሁለት ቀን ስራ ሲያጣ ልጆችሽን የሚያበላው የሱ ደብተር ነው፣ ከሱ ዘንድ ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና እየገዛሽ ሰላም በይው።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ላጤ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እየተመላለስኩ ቢሮ ነው የምሰራው። ምሳ ውጪ፣ ማኪያቶ በቀን ሁለቴ፣ ማታ ከጓደኛ ጋር ስቆይ በራይድ እገባለሁ፣ 20ኛው ቀን ላይ ከጓደኛ መበደር እጀምራለሁ። ማኪያቶውን ልተወው? (ባለ 20 ቀን ደሞዝ)

መልስ፦ ወንድሜ ማኪያቶውን አትተወው፣ አንዱን ብቻ ጀበና ቡና አድርገው፣ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ፣ ዋጋውም ወሬውም የተሻለ ነው። ሰው ሁሉ ቁጠባ ሲባል መጀመሪያ የሚተወው የሚያስደስተውን ነገር ነው፣ ለአንድ ሳምንት ይይዝና በስምንተኛው ቀን በእልህ ሦስት ማኪያቶ ይጠጣል።

ያንተ ችግር ራይዱና ምሳው ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከተነሳህ ታክሲ ታገኛለህ፣ 4 ሰዓት ላይ ከተነሳህ አታገኝም፣ በቃ ሂሳቡ ይሄው ነው፣ ጓደኛህን "ልሂድ ታክሲ ያልቅብኛል" ብትለው አይሞትም። ምሳ ዕቃ መያዝ ካፈርክ (ላጤ ወንድ ሁሉ ያፍራል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም) ቢሮ ውስጥ ካሉት አንዱን አሳፍረህ አብራችሁ ያዙ። አለዚያ አንድ በያይነቱ ለሁለት ተጨማሪ እንጀራ ይዛችሁ ብሉ፣ ረቡዕና አርብ ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ቀን፣ በያይነቱ ከስጋ ምግብ ይረክሳል፣ ያጠግባል። የመንግስት ሰራተኛ ከሆንክ ደሞ የፐብሊክ ሰርቪስ ባስ አለ፣ በነጻ ነው፣ ቀድመህ ተነስተህ መሰለፍ ነው የሚጠይቅህ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው፣ ስድስት ቤት አንድ ቆጣሪ ነው ያለን። የመብራት ሂሳቡ እየጨመረ ነው፣ አከራያችን ለስድስት እኩል ያካፍለናል፣ እኔ ፍሪጅ እንኳን የለኝም። (ፍሪጅ የሌላት)

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ነው ያለው። አንደኛው ታሪፉ ራሱ ነው፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ አዲስ ታሪፍ መጥቷል፣ እሱን አንቺም እኔም አንመልሰውም። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ታሪፉ በእርከን ነው፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤት ትንሹን ዋጋ ይከፍላል፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የኪሎዋቱ ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። አንቺ ብቻሽን ብትሆኚ ምናልባት ትንሹ እርከን ላይ ነሽ፣ ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን ቆጣሪው የሚያያችሁ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ነው፣ ሁላችሁም ውዱን እርከን ትከፍላላችሁ። የችርቻሮው ነገር እዚህ ተገልብጦ ነው የመጣው፣ ሌላው ቦታ አብሮ መግዛት ያረክሳል፣ መብራት ላይ አብሮ መቁጠር ያስወድዳል። አከራያችሁን ለየብቻ ቆጣሪ እንዲያስገባ አስማሙት፣ ወጪው ለእሱ ከባድ ከሆነ ከኪራይ እየታሰበ። እስከዛ ደሞ በየቤቱ የምታስገቡት ትንሽ መቁጠሪያ ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ይሸጣል፣ ኤሌክትሪሺያን ያስገባላችኋል፣ ቢያንስ ማን ስንት እንደተጠቀመ ይታያል፣ እኩል መካፈሉ ይቀራል።

ዋናው በላተኛ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋት ያልፋል፣ አምፑል አጥፍታችሁ ምጣድ በሳምንት ሦስቴ ከለኮሳችሁ ልፋት ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚበላው እንጀራ ሳይወጣበት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ቤት ተነጋግራችሁ አንድ ቀን ተከታትላችሁ ጋግሩ፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ በግለቱ ትቀጥል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ሶኬቱን ነቅለሽ ሞክሪያቸው፣ ሸክላው ግለቱን ስለሚይዝ ይበስላሉ። ከዛ በኋላም ድርቆሽ ዘርጊበት። ለወጥ ከሰል የምትጠቀሚ ከሆነ ላቀች ምድጃ ግዢ፣ ከብረቱ ማንደጃ ይልቅ ከሰል ይቆጥባል፣ የውስጡ ሸክላ እንዳይሰነጠቅ ውሃ አታፍስሺበት።

ጥያቄ፦ አከራያችን የ6 ወር ቅድሚያ አምጡ ካልሆነ ልቀቁ አለን፣ የገባነው ከ8 ወር በፊት ነው። ያለን ቁጠባ ሁሉ እዛ ሊገባ ነው። (ባልና ሚስት፣ አራት ኪሎ)

መልስ፦ አትስጡ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አለ፣ ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም ይላል፣ ጭማሪም ቢሆን አከራይ በፈለገው ቀን የሚያመጣው ሳይሆን በዓመት አንዴ መንግስት በሚያወጣው መጠን ነው። ውሉ በጽሁፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ኪራዩም በባንክ ወይ በቴሌብር ነው የሚከፈለው። ውላችሁ ካልተመዘገበ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እስካሁን በእጅ የከፈላችሁ ከሆነ ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ አድርጉት፣ ምክንያት የሚጠይቃችሁ የለም፣ "ቴሌብር ላይ ነው ብሩ ያለው" በሉ። አዋጁን ይዛችሁ በር ላይ አትጩሁበት ግን፣ አንድ ግቢ ነው የምትኖሩት፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ቢጤ ላኩበት፣ ብዙ አከራይ ደላላ የነገረውን ነው የሚደግመው።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቱ ስለተወደደ አንድ ቀን እየዘለለች ነው የምትውጠው፣ በድብቅ። እንዴት ላድርጋት? (ልጇ)

መልስ፦ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም፣ ከምንም ነገር ቀንሱ ከዚህ አትቀንሱ። ሲዘለል የሚመጣው ሆስፒታል መተኛት ነው፣ የአንድ ሌሊቱ ሂሳብ የስንት ወር ኪኒን እንደሚገዛ ራስህ አስላው። የሐኪም ማዘዣውን ይዘህ መጀመሪያ ከነማ መድኃኒት ቤት ሂድ፣ ከዛ ቀይ መስቀል፣ እዛ ካለ ከግል ፋርማሲ ይቀንሳል፣ ከሌለ ብቻ ወደ ሌላው። ሐኪሟንም የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ዋና ስም ጻፍልን በለው፣ አንዱ መድኃኒት በተለያየ ስም በተለያየ ዋጋ ነው የሚሸጠው። ወረዳችሁ የጤና መድህን መመዝገቢያ ጊዜው ሲደርስ እንዳያመልጣችሁ። እማማን ደሞ አትቆጣት፣ ለናንተ ብላ ነው የምትዘለው፣ ኪኒኑን አንተ ግዛና ዋጋውን አትንገራት።

የበዓል ጥያቄ የላካችሁ አራት ሰዎች ነበራችሁ፣ ዶሮ ነው ቅርጫ ብላችሁ። ዶሮዋን ዋዜማ ላይ ከምትገዙ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ገዝታችሁ ግቢ ውስጥ አስራችሁ ቀልቧት፣ ዋዜማ ላይ ሻጭ ነው የሚፈርደው። ቅርጫ ግን ሰው ከተገኘ ይሻላል፣ ስምንት ወይ አስር ቤት ሆኖ፣ በሬው አይታችሁ ተማምናችሁ ከተገዛ፣ መደቡ ተመድቦ ዕጣው ከተጣለ። ዕጣው ላይ የሚከራከር ሰው አለ ሁሌም፣ እኛ ግቢ አሉ አንድ ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሌላው ሰው መደብ ነው የሚበልጥባቸው፣ ለገና ዕጣቸውን ልጃቸው እንዲያነሳ አድርገናል።