«የብዙ ባል ጥናት ምን ሥራ ያስገኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎችም ስለሚያነቡት ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሶሻል አንትሮፖሎጂ ተመርቀሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ በሂማላያ ተራሮች አንዲት ሴት ለወንድማማቾች በጋራ ስለምትዳርበት ልማድ ነው። ሽምብጥ ከጓደኞችሽ ጋር ቤት ተከራይተሽ ሥራ ፍለጋ ከጀመርሽ ስምንት ወር ሆነሽ። ባለፈው ቃለ መጠይቅ ላይ ርዕሱን ስትናገሪ ጠያቂዎቹ ተሳሳቁ፤ አንደኛው ጭራሽ «ታዲያ አንቺ ስንት ልታገቢ ነው?» አለሽ። መራዊ ያሉት አባትሽም «ይኼን ለመማር ነው አራት ዓመት?» ብለዋል። «ከሲቪዬ ላይ ላውጣው ወይ?» ነው ጥያቄሽ።

አታውጪው። ስሙን ግን ቀይሪው።

የሰውየው ቀልድ ነውር ነው፤ ቢሆንም መንገዱን የጠረግሽለት አንቺ ነሽ። ሲቪሽ ላይ የሰፈረው «ፖሊአንድሪ በዓለም ባህሎች» የሚል ነው፤ ፖሊአንድሪ ማለት አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ባል የምታገባበት ልማድ ነው። አማርኛችን ለአንድ ወንድ ሁለት ሚስቶች «ጣውንት» የሚል ቃል አለው፤ ለአንዲት ሴት ሁለት ባሎች የሚሆን ቃል ግን እኔ ከአያቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ስም ያልወጣለት ነገር ደግሞ ሰውን ያስቃል።

የላክሽልኝን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እኔ ውስጡ ያገኘሁት የባል ብዛት ጉዳይ ሳይሆን የመሬት ጉዳይ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኔፓል፣ ሁምላ ውስጥ የሚኖሩት ኒንባዎች ወንድማማቾቹን ለአንዲት ሴት የሚድሩት ቤትና ማሳ እንዳይከፈል ነው። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ከብቱን ይዞ ወደ ግጦሽ ይወጣል፣ አንዱ ጨው ሊነግድ ይወርዳል፤ ጎተራው ግን አንድ ነው። ቲቤታውያንን ያጠናው ሜልቪን ጎልድስቴይንም «የሴት ቁጥር ቢያንስ ነው» የሚለውን ግምት አልተቀበለም። እንዲያውም በዚያ ሥርዓት ብዙ ሴቶች ሳያገቡ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ አንቺው ጽፈሽዋል፤ ገጽ 14 ላይ ቀብረሽው ነው እንጂ።

አሁን ደግሞ በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጣልሻትን ዓረፍተ ነገር ላንሳ፦ «አባቴ አራት ጥማዱን ለአምስት ልጅ ሲያካፍል ለታናሽ ወንድሜ የደረሰው በሬ ማዞሪያ እንኳ አይሆንም።» በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ወንድም ሴትም ይካፈላል። ፍትሐዊ ነው፣ ግን በየትውልዱ ድርሻው ይሳሳል። ኒንባዎቹ ማሳው እንዳይከፈል ትዳሩን አንድ አደረጉ፤ እኛ ትዳሩን ለየብቻ አድርገን መሬቱን ሸነሸንን። ይህን ለጠያቂዎቹ ብትነግሪያቸው ኖሮ ማን ይስቅ ነበር? ግማሾቹ እኮ ራሳቸው ከወንድሞቻቸው ጋር በድንበር የሚካሰሱ ናቸው።

ስለዚህ ርዕሱ እንዲህ ይሁን፦ «ጋብቻና የእርሻ መሬት መበጣጠስ፤ የወንድማማቾች የጋራ ጋብቻ በሂማላያ»። አባትሽም ይገባቸዋል።

የት ያስቀጥራል ላልሽው አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት የድጋፍ ፈላጊዎች ምዝገባ ላይ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቅጹ ላይ «የትዳር አጋር» የሚለው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለት ሚስት ያላቸው አንድ አርሶ አደር መጡ፤ አንደኛዋ ከመንገዱ በላይ፣ ሌላዋ ከወንዙ ማዶ። መዝጋቢው ልጅ እስክሪብቶውን እያኘከ ቆየና ሁለተኛዋን «ዘመድ» ብሎ ጻፋት። ሦስቱ ልጆቿም «የዘመድ ልጆች» ሆኑ። ስንዴው ሲመጣ በስሟ የተጻፈ ምንም የለም። ያን ቀን እንዳንቺ ያለ ሰው ቅጹን ቀድሞ ቢያየው ኖሮ ሁለት መስመር ይጨመር ነበር። ነገሩ ብርቅ አይምሰልሽ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ የኢትዮጵያ ሴቶች 11 በመቶዎቹ ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው ተናግረዋል።

እና መጀመሪያ የምታንኳኪው በር የመረጃ ስብሰባ ሥራ ነው። ኮቦ ቱልቦክስን፣ ማለትም የመጠይቅ ቅጽ መሥሪያና መረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያውን፣ በስልክሽ ተለማመጂ፣ አንድ ናሙና ቅጽ ራስሽ ሥሪና ከሲቪሽ ጋር አያይዢ። የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የአንቺን ዲግሪ አይጠራም፤ ተስፋሽን እዚያ ላይ አትጣይ። ነገር ግን የይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ስለሚይዝ፣ «ሚስት ማን ናት፣ ወራሽ ማን ነው» የሚለው ጥያቄ የዕለት እንጀራቸው ነው። ማስተርስ ካሰብሽ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው፤ ሄደሽ ጠይቂ።

ሕጉንም ያዢ፤ ጽሑፍሽ ውስጥ የለም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 11 በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 650 ይቀጣል፣ በ651 ደግሞ ሕግ ዕውቅና የሰጠው ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ልማድ ሲሆን ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል።

ሁለት ነገር አርሚልኝ። «በዓለም ላይ 4 ማኅበረሰቦች ብቻ» ያልሽው ከአንትሮፖሎጂስቱ ከመርዶክ የ1,231 ማኅበረሰቦች ዝርዝር የመጣ ነው። ስታርክዌዘርና ሄምስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ከሂማላያ አካባቢ ውጭ 53 ሌሎች ቆጥረዋል፤ ያወቀ ሰው ከጠየቀሽ ያሳፍርሻል። ሁለተኛ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ዋርሳዋ ማግባቱን ከብዙ ባል ጋር አታደባልቂ፤ ያቺ ሴት በአንድ ጊዜ ያላት ባል አንድ ነው።

የሃይማኖቱን ክፍል ስታወሪ ቀዝቀዝ በይ። ከጠያቂዎቹ አንዱ የሐጂ ልጅ፣ ሌላው የመሪጌታ ልጅ ሊሆን ይችላል። እስልምና ለወንድ በእኩል ማስተዳደር ከቻለ እስከ አራት እንደሚፈቅድ፣ ለሴት ግን ከአንድ ባል በላይ እንደማይፈቅድ፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደግሞ ያዕቆብ ልያንና ራሔልን ማግባቱን እያነበበች አንድ ለአንድ እንደምታጋባ መናገር ይበቃል። የትኛው ይሻላል ካሉሽ፣ ሥራሽ መመዝገብ እንጂ ማጋባት እንዳልሆነ ንገሪያቸው።

እንደገና «አንቺስ?» የሚል ከመጣ ፈገግ በይና «የእኔን ተዉት፤ እርስዎ ስንት ወንድም አለዎት? የአባታችሁ መሬት ለስንት ተከፈለ?» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አይለይሽ።

የታረመውን ሲቪ እስከ ዓርብ ላኪልኝ። አንድ ገጽ ይሁን፣ የልደት ቀንሽና የጋብቻ ሁኔታሽ ይውጣ።