እፍግታን ያለ ላብራቶሪ ለ7ኛ ክፍል ማስተማር፦ ከቀመሩ በፊት ምን ይቅደም?

ሰላም መምህር። ጥያቄዎ ይህ ነው፦ ተማሪዎቹ «እፍግታ ማለት መጠነ ቁስ ሲካፈል ለይዘት» የሚለውን በቃላቸው ይወጡታል፣ ቁጥር ሲሰጣቸውም ያሰላሉ፤ ትልቅ ግንድ ተንሳፍፎ ትንሽ ሚስማር ለምን እንደሚሰምጥ ሲጠየቁ ግን «ሚስማሩ ስለሚከብድ ነው» ይላሉ። ላብራቶሪ የለም፣ ያለዎት ጊዜም ሦስት ክፍለ ጊዜ ነው።

ከቀመሩ ጋር አይታገሉ። ችግሩ ያለው ከቀመሩ በፊት ነው፤ መጠነ ቁስና ይዘት በልጆቹ አእምሮ ውስጥ ገና አልተለያዩም። «ትልቅ» እና «ከባድ» አንድ ላይ ተጣብቀው ባሉበት ሁኔታ አንዱን ለሌላው ማካፈል ለልጁ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ይሆናል። ይህ መሆኑን ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አንድ ሻማ ለሁለት እኩል ቢቆረጥ የአንዱ ግማሽ እፍግታ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ አይለወጥም? እጅ አውጥተው ሳይሆን በቁራጭ ወረቀት ላይ ምክንያቱን ጨምረው ይጻፉ። እጅ ሲያወጡ ጎበዝ የሚባለውን ልጅ ይከተላሉ። «በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው መልስ በርከት ካለ፣ ቀመሩን በድጋሚ መጻፍ ምንም አይፈይድም።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለይዘት ይስጡት። ይህ ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ የሚታለፍ ክፍል ነው፤ ሁሉም ነገር የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ልጆች ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲገባ የውኃው ከፍታ የሚጨምረው ድንጋዩ ስለሚከብድ ይመስላቸዋል። ይህን ለመስበር መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች ያዘጋጁ። አንዱን በአሸዋ፣ ሌላውን በውኃ ጢም አድርገው ሞልተው ክዳናቸውን ያጥብቁ። ልጆቹ በእጃቸው መዝነው የአሸዋው እንደሚከብድ ይመስክሩ። ከዚያ «የትኛው ውኃውን የበለጠ ከፍ ያደርጋል?» ብለው ይጠይቁና ግምታቸውን ያስጽፉ። ሁለቱም ይሰምጣሉ፣ ውኃውም በሁለቱም እኩል ከፍ ይላል። የውኃው ብልቃጥ ውስጥ አየር ከቀረ ሊንሳፈፍ ስለሚችል ውኃ ውስጥ እንደተዘፈቀ ቢከደን ይሻላል።

መስመር ያለው የይዘት መለኪያ ሲሊንደር ከሌለ መርፌው የወጣለት የ10 ወይም የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል። ጎኑ ቀጥ ያለ ግልጽ ዕቃ ይምረጡ፤ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዕቃ ውስጥ ወደ 1.4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል፣ ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዕቃ ውስጥ ግን 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያን ያህል ትንሽ ለውጥ ልጅ ሊያነበው አይችልም። የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሆነ ታችኛው ክፍል ጎርበጥባጣ ስለሆነ፣ ቀጥ ያለው ጎን እስኪደርስ ውኃ ይሙሉና የመነሻ መስመሩን እዚያ ላይ ያስምሩ።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ፤ እኔ ይህንን ነው የምመክረው። ውኃውን እስከ አንድ ምልክት ይሙሉ፣ ድንጋዩን በክር አስረው ቀስ ብለው ያስገቡ፣ ከዚያ ውኃው ወደ መጀመሪያው ምልክት እስኪመለስ ድረስ በሲሪንጅ ይቅዱ። የተቀዳው ውኃ ሚሊ ሊትር የድንጋዩ ይዘት ነው። እዚህ ላይ ሰፋ ያለ ዕቃ እንኳ ቢሆን የሚነበበው ሲሪንጁ ነው፤ በዚያ ላይ ልጁ «ድንጋዩ የያዘውን ቦታ» በዓይኑ እያየ በእጁ ይይዘዋል። 1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ጋር አንድ መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ያሳዩ፦ ጎኖቹ 2፣ 3 እና 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት፣ ውኃ የማያሟሟው ለስላሳ ቁስ) ጡብ ተሠርቶ ሲነከር 24 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል።

የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ዕቃው ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ይዘቱን ያሳድጋል፤ ክሩን ነቅነቅ ማድረግ ወይም አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ያራግፈዋል። ድንጋዩን ከላይ መጣል ውኃ ይረጫል። ቾክ፣ ጡብና ደረቅ እንጨት ውኃ ወደ ውስጣቸው ስለሚስቡ ንባቡ ከእውነተኛው ያንሳል፤ በቀለጠ ሻማ ስስ አድርጎ መለበጥ ይፈታዋል። የሚንሳፈፍ ነገር ይዘት ሲለካ በቀጭን ሽቦ ተጭኖ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት፤ በጣት ከተጫኑት የጣቱም ይዘት ይደመራል። ውኃው በመስታወት ዳር ዳር ሽቅብ ስለሚሳብ ፊቱ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ይላል፤ የሚነበበው የጎድጓዳው የታችኛው ጫፍ ነው፣ ዓይንም ከእሱ ጋር እኩል ዝቅ ማለት አለበት።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የመጠነ ቁስ ነው። ሚዛን ከሌለ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ይውሰዱ፤ 15ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከማስመሪያው ወርድ ወደ ላይኛው ጠርዝ ቀረብ አድርገው በጋለ ሚስማር ይብሱት። ክር አስገብተው ያንጠልጥሉት። 1ኛው እና 29ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ተመሳሳይ የፕላስቲክ ኩባያዎች በእኩል ክር ይሰቀሉ። ቀዳዳው ወደ ታችኛው ጠርዝ ከሆነ የማስመሪያው ክብደት ማዕከል ከመንጠልጠያው በላይ ስለሚውል ማስመሪያው ይገለበጣል እንጂ አይረጋም። ባዶውን ሲሰቀል ወደ አንድ ወገን ካጋደለ በቀለለው ወገን ትንሽ ፕላስቲሲን ይለጥፉ። አሁን ዕቃውን በአንዱ ኩባያ ያስቀምጡና በሌላው ማስመሪያው ቀጥ እስኪል በሲሪንጅ ውኃ ይጨምሩ። 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ስለሚሆን የገባው ውኃ ሚሊ ሊትር የዕቃው ግራም ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የውኃ እፍግታ 0.997 ግራም በሴንቲ ሜትር ኪዩብ ስለሆነ ልዩነቱ ለክፍል ሥራ አያሳስብም። የክሮቹ ቦታ እየተንሸራተተ ርቀቱ እኩል ካልሆነ ግን ውጤቱ በሙሉ ይዛባል፤ ስለዚህ ክሮቹን በፕላስተር ያጣብቋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ። ለእያንዳንዱ ቡድን ከአንድ ዓይነት ፕላስቲሲን መጠናቸው የተለያየ አራት ቁርጥራጭ ይስጡ። ተራ ጭቃ አይሁን፣ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። የእያንዳንዱን መጠነ ቁስና ይዘት ለክተው በሰንጠረዥ ይጻፉ፣ ቀጥሎም ይዘቱን በአግድም፣ መጠነ ቁሱን በቁም አድርገው ግራፍ ይሳሉ። ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ 17 ግራም፣ 20ው 34፣ 30ው 51 ቢሆን ነጥቦቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይውላሉ፣ መስመሩም ከዜሮ ይነሳል። በተግባር እንዲህ ንጹሕ ቁጥር አይወጣም፤ አንዱ 1.6 ሌላው 1.8 ቢያወጣ አይደንግጡ። የ1 ሚሊ ሊትር ስህተት በ5 ሚሊ ሊትር ቁራጭ ላይ 20 በመቶ ሲሆን በ40ው ላይ 2.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ትልልቅ ቁራጮች የሚመረጡት ለዚህ ነው። ልጆቹ ቁጥሩን «ለማስተካከል» ሲሰርዙ ካዩ ያስቁሟቸው፤ የተለካው እንደተለካ ይጻፍ።

ቀመሩ መምጣት ያለበት አሁን ነው። «ቁራጩ አደገም አነሰም ያልተለወጠው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ልጆቹ ራሳቸው ወደ ክፍልፋዩ ይደርሳሉ፦ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ 1.7 ግራም ገደማ ይይዛል። ቀመሩ ያየነውን ነገር የሚጽፍልን እንጂ ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ አይሆንባቸውም። ቀጥሎ ሁለተኛ ቁስ፣ ለምሳሌ ሻማ፣ በዚያው ግራፍ ላይ ያስገቡ። የሻማው መስመር ያነሰ ተዳፋት ይኖረዋል፣ 0.9 አካባቢ። ውኃው ራሱ 1 ተዳፋት ያለው መስመር ተደርጎ ይሰመርና ከመስመሩ በላይ ያሉት ሲሰምጡ፣ ከበታቹ ያሉት ሲንሳፈፉ ይዩ። ከዚህ ግራፍ የተሻለ የማስተማሪያ ሥዕል ለዚህ ርዕስ አላውቅም።

የግንዱንና የሚስማሩን ጥያቄ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በቁጥር ይጋፈጡት። መጠነ ቁሱ 50 ኪሎ ግራም፣ ይዘቱ 80,000 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ የሆነ ግንድ፦ 50,000 ÷ 80,000 = 0.625። የ8 ግራም የብረት ሚስማር ይዘቱ 1 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው፣ የብረት እፍግታ 7.87 ስለሆነ። ከዚያ ወሳኙን ጥያቄ ይጠይቁ፦ ግንዱ የሚይዘውን ቦታ ውኃ ቢይዘው ስንት ኪሎ ይሆናል? 80። ሚስማሩ የሚይዘውን ቦታስ? 1 ግራም። ውኃ አንድን ነገር ወደ ላይ የሚገፋው ነገሩ በገፈተረው ውኃ ክብደት ልክ ነው፤ ግንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠልቅ 50 ኪሎ ውኃ ገፍትሮ ይረጋል፣ ሚስማሩ ግን ሁለንተናው ጠልቆም የሚገፈትረው 1 ግራም ብቻ ስለሆነ 8 ግራሙን የሚሸከምለት የለም። «ብረት ይሰምጣል» ብሎ መሸምደድም እንዳይቀር ይህን ይንገሯቸው፦ የሜርኩሪ እፍግታ 13.6 ገደማ ስለሆነ ብረት ሜርኩሪ ላይ ይንሳፈፋል። በቃል ብቻ ይነገር፣ ሜርኩሪ መርዛማ ስለሆነ ክፍል ውስጥ አይገባም።

እዚህ ሲደርሱ አንድ ልጅ «ታዲያ የብረት መርከብስ?» ማለቱ አይቀርም። ጎኑ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ የአሉሚኒየም ፎይል ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢታጠፍ መሠረቱ 10 በ10፣ ቁመቱ 3 የሆነ ታንኳ ይወጣል፤ ይዘቱ 300 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ነው። ፎይሉ ራሱ ከ1 እስከ 2 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ታንኳው ወደ 300 ግራም መሸከም እንደሚችል ልጆቹ አስቀድመው ያስሉ። ከዚያ በ50 በ50 ግራም የተመዘነ አሸዋ ዘርግተው ይጫኑበት። ብዙ ጊዜ ከ300 በፊት ይሰምጣል፤ ምክንያቱ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ማድላቱና ጠርዙ መውረዱ ነው። ተመሳሳይ ፎይል ደጋግመው አጥፈው በመዶሻ ጠፍጥፈው ሲጥሉት ይሰምጣል። መዶሻው ቁም ነገር ነው፦ በእጅ የተጨበጠ ፎይል በመሃሉ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል፣ ልጆቹም «አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ» ብለው ይደመድማሉ። የአሉሚኒየም እፍግታ ግን 2.7 ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት ወፍራም ፈሳሽ ሁሉ እፍግታው ከፍተኛ ይመስላቸዋል። የምግብ ዘይት ከውኃ ይልቅ በዝግታ ይፈስሳል፣ እፍግታው ግን 0.92 ገደማ ስለሆነ ከላይ ይሆናል። በግልጽ ብርጭቆ ውኃና ዘይት ያድርጉና አንድ የበረዶ ቁራጭ ይጨምሩበት። የበረዶም እፍግታ 0.92 ገደማ ስለሆነ በዘይቱ ውስጥ ብቅ ሳይል ጥልቅ ብሎ ይቆያል፤ ሲቀልጥ ደግሞ የውኃ ጠብታዎች ክብ ክብ እየሆኑ በዘይቱ ውስጥ ወርደው ከታች ካለው ውኃ ጋር ሲቀላቀሉ ይታያል። ያው ቁስ፣ ያው መጠነ ቁስ፣ ይዘቱ ስላነሰ ብቻ ሰመጠ። ለዚህ ሙከራ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ አይበዛበትም።

የእንቁላሉን ሙከራ የሚያሳዩ ከሆነ በመጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ይሞክሩት፤ የቆየ እንቁላል ውስጡ ያለው የአየር ክፍተት ስለሚሰፋ ጨው ሳይገባም ሊንሳፈፍ ይችላል። በ500 ሚሊ ሊትር ውኃ ላይ ጨው በ10 በ10 ግራም እየጨመሩ በደንብ ያሟሙ። ከ50 እስከ 80 ግራም ባለው መካከል ይነሳል። ጨው ሳይሟሟ ከታች ከተከማቸ እንቁላሉ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሱም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ምክንያቱ መገለጽ አለበት።

የመለኪያ አሃዶችን መለወጥ ወደ መጨረሻ ያቆዩት። 1 ግራም በሴንቲ ሜትር ኪዩብ ማለት 1,000 ኪሎ ግራም በሜትር ኪዩብ ነው። ልጆች 1 ሜትር ኪዩብን 100 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ያደርጉታል፤ 100 × 100 × 100 ተብሎ 1,000,000 መሆኑን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሳጥን ሥለው ያሳዩ። ከዚያ ክፍሉን ራሱን ያስለኩ፦ ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 144 ሜትር ኪዩብ ነው። የአየር እፍግታ በተለመደ የክፍል ሙቀት በባሕር ወለል ከፍታ 1.2 ኪሎ ግራም በሜትር ኪዩብ ገደማ ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ ወደ 173 ኪሎ ግራም አየር አለ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ስሌቱን ሳይነግሯቸው በፊት ግምታቸውን ያስጽፉ፤ አብዛኛው ከ1 ኪሎ በታች ይጽፋል።