«ዝናብ አይበግረውም» የተባለ ጀልባ

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ እንግዳ የማንሸራሽርበት፣ ካቢን ያለው ያገለገለ ትንሽ የሞተር ጀልባ ለመግዛት 60,000 ብር ቀብድ ከፍያለሁ። ሻጩ «ይህን ጀልባ ዝናብ አይበግረውም» ብሎኛል። የምንፈራረመው በዚህ በጥር ወር ነው። ክረምት ሲገባ ቢያፈስ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግን ያቺ «አይበግረውም» የምትለው ቃል ከሻጩ አፍ ወደ ውሉ ካልወረደች መንገዱ ይረዝምብዎታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2289 ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት፣ ወይም በውሉ ለታሰበለት ልዩ አገልግሎት የማይበቃ ከሆነ ጉድለት አለበት ይላል። የጀልባ የተለመደ ሥራ መንሳፈፍ ነው። ካቢኑ ውስጥ ፍራሹ ቢረጥብ ሻጩ «ታዲያ ሰመጠ እንዴ?» ብሎ ይከራከርዎታል። አይሳቁ፤ ችሎት ፊት ከዚህ የባሰ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ገዢ ጀልባውን በሐምሌና በነሐሴ ጭምር ሐይቅ ላይ ሰው ለማንሸራሸር እንደሚገዛው ሻጭ ያውቃል፤ ካቢኑ ከጣሪያ፣ ከመስኮትና ከበር ውሃ አያስገባም።»

ሻጩ የፋብሪካውን ሰሌዳ እያሳየ «ምድብ ሲ ነው» ሊልዎ ይችላል። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩ ጀልባዎች ላይ የሚታየው ከኤ እስከ ዲ ያለው ምድብ ግን የሚናገረው ስለ ነፋስና ማዕበል ነው፤ ሲ ማለት እስከ 2 ሜትር ማዕበል ነው። ስለሚያፈስ መስኮት አንዳች አይልም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የሰው ቁጥር ግን ወደ ውሉ ይገልብጡት።

ሞተሩንም አይርሱ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር 32 ቢሆንብዎ ጥፋቱ የሳሳው አየር እንጂ የሻጩ አይደለም። ዶፍ ሳይመጣ ዳር መድረስ ከፈለጉ ስንት ሰው ጭኖ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያጽፉ።

አሁን የጦሳ ተራራ ጉም አልለበሰም፤ ሐይቁም ጸጥ ብሏል። ሕጉ ደግሞ ገዢ ዕድሉን እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያይም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። «ዝናብ ሲመጣ አየዋለሁ» አያዋጣም። ሁለት ምስክር ይዘው ጣሪያውና መስኮቱ ላይ በጎማ ሩብ ሰዓት ውሃ ይልቀቁበት። ምንጣፉን ገልጠው ከወለሉ ሥር ይዩ፤ የተጠራቀመ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ በራሱ መነሣቱን ይሞክሩ። የቆየ የውሃ ምልክት አይተው ዝም ካሉ ኋላ «እያወቀ ነው የገዛው» ይባልብዎታል። በምርመራ ያልታየ ጉድለት ክረምት ላይ ከወጣ ያኔውኑ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ከዚያ ለመክሰስ ያለዎት 1 ዓመት ነው።

ጀልባው ቀረጥ ተከፍሎበት ወደ አገር መግባቱን የሚያሳየውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሳያዩ አይፈርሙ።

ውሉ ውስጥ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ካለ ያሰርዙት። ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ካልደበቀ በቀር ይጸናብዎታል።

ስለ ቀብዱ፦ ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ በቁጥር 1885 መሠረት እርስዎ ከተዉት 60,000ው ይቀራል፤ እሱ ካፈረሰ 120,000 ይመልሳል። በአፉ ያለውን በእጁ አልፈርምም ካለ፣ እኔ ብሆን ቀብዱን ትቼለት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።