መልስ፦ በሕዝብና ቤት ቆጠራ ተከራይ የት ይቆጠራል?

“ባሕር ዳር ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ አከራዬ ‘ቆጣሪ ከመጣ ተከራይ የለም በል፣ ግብር ያመጣብኛል’ አሉኝ፤ እናቴ ደግሞ ዘጌ አስመዘግብሃለሁ ትላለች” ላልከው ወንድሜ፦

የምትቆጠረው በቋሚነት በምትኖርበት ነው፤ ባሕር ዳር። እናትህን አደራ በላቸው፤ ዘጌም ከተመዘገብክ ሁለት ሰው ልትሆን ነው።

አከራይህን አትጣላቸው፣ ረጋ ብለህ አስረዳቸው። ቆጣሪው የሚጠይቀው ዕድሜ፣ ፆታ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ውሃ ከየት እንደምትቀዱ፣ መጸዳጃው የጋራ ይሁን የግል፣ ይህን የመሰለ ነው። የግለሰብ መልስ በሕግ ምስጢር ነው፤ ለግብር ሰብሳቢ አይተላለፍም። ጥርጣሬያቸው ግን አይገርመኝም፤ መዝገብ የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ ማን ደስ ይለዋል?

ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ የመጨረሻው የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው! ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ ቀመር ሳይቀር የሕዝብ ቁጥር ያያል፤ የቧንቧውና የመማሪያ ክፍሉ ዕቅድም እንዲሁ።

ደቅ ደሴት ቆጣሪው በጀልባ ነው የሚሻገረው፤ አንተ ጋ በእግሩ ይመጣል። ቀን ቀን ከቤት ከሌለህ ስንት ሰዓት እንደምትገባ ለግቢው ሰው ንገር፣ ተመልሶ እንዲመጣ።