ጥቁሩ የባሕር ጃርት የት ገባ?

ጥያቄ፦ በእስራኤል ቀይ ባሕር ዳር፣ ኢላት ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ድሮ ከሥራ ወጥቼ ባሕር ስገባ ያንን ጥቁር እሾሃም ነገር እየፈራሁ ነበር። አንዴ ተረከዜን ወግቶኝ ሦስት ቀን አነከስኩ። አሁን ግን ድራሹ ጠፍቷል። ሙቀቱ ነው የፈጀው? ቀጥሎ ኮራሉ ሊያልቅ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የወጋሽ የባሕር ጃርት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 መጀመሪያ ኢላት ላይ በገፍ አለቀ። የፈጀው ግን በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የያዘው ጃርት በሁለት ቀን ውስጥ እሾሁ ረግፎ ባዶ አጽሙ ይቀራል።

ተረከዝሽ ደስ ይበለው እንጂ ለኮራሉ ጥሩ ዜና አይደለም። ጃርቱ አልጌውን (ውኃ ውስጥ የሚበቅል እጽዋት መሰል ነገር) እየጋጠ ያጸዳለት ነበር። አጽጂ ሲጠፋ አልጌው ኮራሉን ያለብሰዋል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ የሚኖር ሌላ ደቃቅ አልጌ ይቀልበዋል። የውኃው ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ቀላቢውን ያባርርና ነጥቶ በረሃብ ይጎዳል። አውስትራሊያ በ2016 እና በ2017 በተከታታይ የደረሰባት ይኸው ነው። የናንተው ግን ቻይ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ቅድመ አያቶቹ ከበረዶ ዘመን በኋላ በቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በባብ ኤል መንደብ ገብተው፣ የደቡቡን ሞቃት ውኃ አቋርጠው ነው ሰሜን የደረሱት። ሙቀት ያልቻለው መንገድ ላይ ቀረ። ፍሳሽና ቆሻሻ ግን ይህንንም ጉልበት ያዳክማል።

ስትገቢ የውኃ ጫማ አድርጊ፤ ኮራሉ ላይ ግን እንዳትቆሚ።