መልስ፦ በኢየሩሳሌም የአርመን ሰፈር ያለው የቀድሞ የትምህርት ሕንፃ

ጠያቂያችን ሆይ፣ ዛሬ የማርዲጊያን ሙዚየም የሚባለው ሕንፃ ቀድሞ ትምህርት ቤት እንደነበር መስማትዎን ገልጸው እውነት መሆኑን ጠይቀዋል። አዎን፣ እውነት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም የአርመን መንበረ ፓትርያርክ ካህናትን የሚያስተምርበት መንፈሳዊ ትምህርት ቤት እንዲሆን ያሠራው ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ በአገሩ የኖራ ድንጋይ የታነጸና ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን፣ በረጅሙ ውስጠኛ ግቢ ዙሪያ በቅስቶች የተያያዘ በረንዳ ስላለው፣ ከበረንዳው ኋላ የተደረደሩት ክፍሎች ብርሃንና አየር የሚያገኙት በዚሁ በኩል ነው። ለእኔ የሕንፃው ትልቁ ውበት ይህ ግቢ ነው፤ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ ከጸሐይም ከዝናብም ተጠልሎ ይመላለስበት ነበርና።

በ1915 (እ.ኤ.አ.) በኦቶማን ቱርክ ግዛት አርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ ሕንፃው ወላጅ አልባ ሕፃናትን አስጠልሏል። በዚያው ዘመን በሰፈሩ ባለው የአርመን ገዳም ካደጉት መካከል 40ዎቹ ወጣቶች፣ እኛ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ በ1924 (እ.ኤ.አ.) አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በነሐስ መሣሪያ ሙዚቃቸው ተደንቀው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው ናቸው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይዘመር የነበረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል።